ወተት የተሸከመችው ልጅ

ልጅ ሳለሁ እንደ እኛ ቤት ዘመድ የበዛበት ቤት በሃይፋ ከተማ ያለ አይመስለኝም ነበር። ከክፍሌ ልጆች አብዛኞቹ አያት የሚባል ሰው በዓይናቸው አላዩም። አክስት ያላት ልጅ እንደ ባለጸጋ ነበር የምትታየው። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም፤ የሚያውቁትም አይናገሩም። እኔ ግን በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አንድ ዘመድ ይሞትብኝ ነበር። እናቴ እጄን ይዛ ከአንዱ ለቅሶ ቤት ወደ ሌላው ስታዞረኝ ነው ያደግሁት። ይህን ያህል ሰው የሚሞትብን ብዙ ብንሆን ነው እያልኩ በልቤ እኮራ ነበር።

በከተማችን ሰው ሲሞት ዙሪያው በጥቁር የተሰመረ ወረቀት በየግድግዳው ይለጠፋል። እናቴ ጊታ ያንን ወረቀት ሳታነብ አልፋ አታውቅም። ገበያ ስንሄድ፣ ከትምህርት ቤት ስትወስደኝ፣ አውቶቡሱ ጥሎን ሊሄድ ሲል እንኳ፣ ወረቀቱ ፊት ገትራ ታቆመኝና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች።

«ይኼ አናጢ ነው፤ አይሆንም። ይቺ ደግሞ ከሮማንያ ናት፤ ነፍሷን ይማር። ቆይ፣ ቆይ... የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ! ከቪልና! ድሮራ፣ ነይ፣ ቶሎ በይ! ካልሲሽን ደግሞ ሳቢው!»

የግራ ካልሲዬ አመለኛ ነበር። ምንም ቢያደርጉት ቁርጭምጭሚቴ ላይ ካልተከመረ አይረካም። እናቴ ደረጃ መሃል፣ መንገድ መሃል፣ ሰው እያየ ጎንበስ ትልና እስከ ጉልበቴ ትስበዋለች፤ ጥቂት ሳንራመድ ይወርዳል። በሌላ ነገር ብዙም የማትቆጣኝ ሴት በካልሲ ጉዳይ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ነበር የምትቆጣኝ። አመሏ ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር።

ለቅሶ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። የሐዘኑን ሰባት ቀን በሩ አይዘጋም፤ ማንኳኳት የለም፣ ሰላምታም የለም፣ ገብቶ መቀመጥ ነው። መስታወቱ በአንሶላ ተሸፍኗል። ሐዘንተኞቹ ጫማቸውን አውልቀው ወለሉን ሊነኩ ትንሽ የቀራቸው በርጩማዎች ላይ ተኮራምተዋል። ጠረጴዛው ላይ የተቀቀለ እንቁላልና ደረቅ ብስኩት አለ፤ እንቁላሉን የምጨርሰው እኔ ነኝ። እናቴ ግን አትቀመጥም። ወንበር ሲያቀርቡላት «ደህና ነኝ፣ አትቸገሩ» ትልና የመጽሐፍ መደርደሪያው ፊት ሄዳ ትቆማለች። አንገቷን ወደ ጎን አዘንብላ ከላይ እስከ ታች ታየዋለች።

«እትዬ፣ አባታችንን ከየት ነበር የምታውቂው?» ይላታል አንዱ ሐዘንተኛ።

«በመጽሐፍ ነው» ትላለች፣ ዓይኗን ከመደርደሪያው ሳትነቅል።

«ተማሪው ነበርሽ ማለት ነዋ! አዬ አባዬ! ተማሪዎቹን እኮ ከእኛ ከልጆቹ አብልጦ ነበር የሚወድ።»

እናቴ አዎም አይደለምም አትልም። ወደ ወጥ ቤት ትገባና የተከመረውን ብርጭቆና ሳህን ታጥባለች። እጇን እያደረቀች ስትወጣ ነው የምትጠይቀው። «የልጆች ተረት መጽሐፍ ይኖራችሁ ይሆን? አሮጌ፣ ስዕል ያለው?» አብዛኛውን ጊዜ የለም ትባላለች። አንዳንዴ ግን ከቁም ሳጥን ጀርባ ወይም ከአልጋ ሥር አንድ መጽሐፍ ይወጣል። እናቴ በሹራቧ ጠቅልላ ታቅፈውና ወደ ቤት እንሮጣለን። እኔ ሟቹ ያወረሰን ነው ብዬ አምን ነበር። ዘመዶቻችን ብዙ ቢሆኑም ድሆች ናቸው፤ ከመጽሐፍ በቀር የሚያወርሱት የላቸውም።

መጽሐፎቹን የምታስቀምጠው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከአንሶላዎቹ ሥር ነበር። የብል መድኃኒትና የአይጥ ሽታ ነበራቸው። ሁሉም ከሌላ አገር ቋንቋ ወደ ዕብራይስጥ የተመለሱ የእንስሳት ተረቶች ናቸው፤ ቀበሮ ካፖርት ለብሶ፣ ቁራ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ተኩላ ዳኛ ሆኖ መነጽር አድርጎ። ዋርሶ የታተመ አለ፣ ኦዴሳ የታተመ አለ፣ በርሊን የታተመ አለ። አባቴ ዛልማን አንሶላ ሊያወጣ ቁም ሳጥኑን በከፈተ ቁጥር «የቀበሮ መንጋሽ ደህና አደረ?» ይላት ነበር።

አሁን ሰባ ዓመት አልፎኛል፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ከነዚያ ሙታን አንዱም ዘመዳችን አልነበረም።

የእናቴ አባት፣ አያቴ ሂርሽ፣ በቪልና ከተማ ለልጆች መጻሕፍት ስዕል ይሥል ነበር። አንድ የትምህርት ቤት መምህር የሩስያውንና የፈረንሳዩን ተረት ወደ ዕብራይስጥ ይመልሳል፤ አያቴ ይሥላል፤ አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት ታትመዋለች። ገበያው ያን ያህል ስላልነበር አያቴ የሚሥለው የቤቱን ሰው ነበር። በመጀመሪያው መጽሐፍ አህያውን በትከሻው ተሸክሞ የሚንገዳገደው ሞኝ ሽማግሌ ራሱ አያቴ ነው። በሁለተኛው ቀበሮን እራት የጋበዘችው ሽመላ የሴት አያቴን መነጽር አድርጋለች። በሦስተኛው ደግሞ የወተት ገንቦ በራሷ ተሸክማ፣ ሽጬው ጫጩት እገዛለሁ፣ ጫጩቷ ዶሮ ትሆናለች እያለች ወደ ገበያ የምትሄድ ልጅ አለች። እሷ የእናቴ ታናሽ እህት ብሉማ ናት።

እናቴ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ብቻዋን ወደዚህ አገር ስትመጣ ብሉማ ስድስት ዓመቷ ነበር። ፎቶዎቹ ያሉበት ሻንጣ መርከቡ ላይ ጠፋ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ የቪልናን አይሁድ ፈጇቸው፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ከቪልና ሌላ ፎቶ የሚልክላት ሰው አልነበረም። የአባቷና የእናቷ ፊት ተረት ውስጥ ቀረ። ሁለቱን መጻሕፍት አግኝታቸዋለች፤ ሦስተኛውን እኔ ሳልወለድ ጀምራ ትፈልገው ነበር። እንዲህ ያለው መጽሐፍ መደብር ውስጥ አይገኝም። የሚገኘው ከዚያ አገር በመጣ ሰው ቤት፣ ያውም ሰውየው ሞቶ መደርደሪያው ሊበተን ሲል ነው።

ይህን ሁሉ ያኔ ማንም አልነገረኝም። እኔ የማውቀው ብሉማ የምትባል አክስት እንዳለችኝ፣ ስድስት ዓመቷ እንደሆነና እናቴ እየፈለገቻት እንደሆነ ብቻ ነው። ስድስት ዓመት የሆናት አክስት! እኔ ስምንት ነበርኩ። ስትገኝ አልጋዬን ላካፍላት፣ ታናሼ ስለሆነች ደግሞ እንዳትወድቅ በግድግዳው በኩል ላስተኛት ወስኜ ነበር።

አባቴ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳ ነበር። ከሥራ ሲመጣ ማረፍ የሚወድ ሰው ነው፤ እናቴ ደግሞ ቁጭ ማለት አይሆንላትም። እራቷን እንኳ ቆማ ነበር የምትበላው፣ ሳህኗን መስኮቱ ላይ አስደግፋ።

«ጊታ፣ እባክሽ ቁጭ በይ» አላት አንድ ምሽት። «ቆመሽ ስትበይ ምግቡ የቱ ጋ እንደሚያርፍ ግራ ይገባዋል።»

«ግድ የለህም፣ መንገዱን ያውቀዋል።»

«ዛሬም ለቅሶ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«የከተማውን ለቅሶ በሙሉ ትደርሻለሽ፤ የራስሽን ግን አንድ ቀን አልተቀመጥሽም።»

እናቴ ሹካዋን አስቀመጠች። «በየትኛው ቀን ልቀመጥ፣ ዛልማን? ቀኑን ንገረኝና ልቀመጥ።»

እኔ ልረዳት ብዬ «ቅዳሜ ተቀመጪ፣ እማዬ፤ ቅዳሜ እኮ ሥራ የለም» አልኳት። ሁለቱም አልሳቁም።

ነገሩ የሆነው በአንድ ዓርብ ነው። ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ከተማውን ይዞት ሰነበተ፤ ሰው ያለ ምክንያት የሚጣላበት ሰሞን ነበር። እናቴ ሳምንቱን ሙሉ በትኩሳት ተኝታ ያን ዕለት ገና መውጣቷ ነው። ከትምህርት ቤት ልትወስደኝ መጥታ በመንገዱ ደረጃ ስንወርድ አንድ ግድግዳ ፊት ቆመች። ወረቀቱ ፀሐይ በልቶት ጠርዙ ተገልብጧል። መምህር ኤልያኪም ሮዞቭስኪ፣ በቪልና የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት የቀድሞ አስተማሪ።

«ሰባቱ ቀን አለፈ!» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው። ከዚያ እጄን ጎተተችኝ።

በሩን የከፈቱልን የሟቹ መምህር ሚስት ማዳም ሮዛሊያ ነበሩ። ከሮማንያ የመጡ፣ ደቃቃ፣ ዱቄት የነካው ሽርጥ ያሸረጡ ሴት ናቸው። ለቅዳሜ ሰንበት የሚጋግሩት ዳቦ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። መስታወቱ ተገልጧል፤ በርጩማዎቹ ወደመጡበት ተመልሰዋል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋው መደርደሪያ ግን ባዶውን ነበር።

«መጽሐፎቹ የት ሄዱ?» አለች እናቴ። እንዴት ዋሉም አላለች።

«ምን ይሠሩልኛል ልጄ? እኔ እንደሆንኩ ዕብራይስጥ አላነብ። አንዲት ወረቀት ሳላስቀር ለረብ ፋይቪሽ ሰጠኋቸው፣ ይቅበሩልኝ ብዬ።»

ረብ ፋይቪሽ የሰፈራችን ምኩራብ አገልጋይ ናቸው። የእግዚአብሔር ስም ያለበት መጽሐፍ ሲያረጅ አይጣልም፣ አይቃጠልም፤ እንደ ሰው መቃብር ይወርዳል። እሳቸው በየጊዜው አሮጌውን የጸሎት መጽሐፍ በጆንያ እየሰበሰቡ ይቀብሩ ነበር።

«ሁሉም የጸሎት መጽሐፍ ነበር?» አለች እናቴ።

«እኔ ምኑን አውቄ? ፊደሉ ነጥብ ነጥብ ያለበት ነው፣ ልክ እንደ ጸሎት መጽሐፍ። አንዳንዱማ ስዕልም ነበረው።»

«ምን ስዕል?»

«እንጃ፣ አውሬ ነገር። ቀበሮ ካፖርት ለብሶ። የነቢያት ታሪክ ይሆናል ብዬ አንድ በአንድ ስሜ ነው ጆንያ ውስጥ የከተትኳቸው።»

እናቴ መደርደሪያውን ያዘች። «አንዲት ልጅ ነበረች? ወተት የተሸከመች?»

«ነበረች መሰለኝ። ቆንጅዬ ልጅ። እሷንም ስሜያታለሁ።»

«ብሉማ ጆንያ ውስጥ ናት» አለች እናቴ፣ ድምፅዋ ሊሰማ እስከማይችል ዝቅ ብሎ። «መቼ ነው የሚቀብሩት?»

«ዛሬ ነዋ! ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ሳይገባ። አሁን እኮ ነው ጭነው የሄዱት። ምነው ልጄ፣ አጠፋሁ እንዴ?»

አክስቴን ጆንያ ውስጥ ከትተዋታል። ሊቀብሯት ነው። ይህች ዱቄት የነካት አሮጊት ደግሞ ስማ ነው የከተተቻት! እስከዚያ ሰዓት እናቴ ነበረች እኔን የምትጎትተኝ፤ ከዚያ በኋላ እኔ ጎተትኳት።

አውቶቡሱ ውስጥ ባዶ ወንበር ሞልቶ እናቴ ብረቱን ይዛ ቆመች። ሹፌሩ በየፌርማታው ከአንዱ ጋር ይጨቃጨቃል። ላቤ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ።

«እማዬ፣ ጆንያ ውስጥ መተንፈስ ትችላለች?»

እናቴ ገና እንዳየችኝ ሁሉ አየችኝ። «አትችልም» አለች።

«ሞታለች?»

«አዎ የኔ ልጅ። ሞታለች።»

«ታዲያ ለምን እንሮጣለን?»

«ሳላያት እንዳይቀብሯት ነው» አለችኝ፤ ከዚያ ሹፌሩን «አንተ ሰውዬ፣ ንዳው እንጂ! ክርክሩን ለነገ አቆየው!» ብላ ጮኸችበት።

መካነ መቃብሩ ባሕሩ ዳር ነው። አፈሩ አሸዋ ነው፤ በአጥሩ ሥር ባቡር ያልፋል። ረብ ፋይቪሽ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው አንድ ሰፊ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆመዋል። ሁለት ቆፋሪዎች አካፋ ይዘዋል። ጆንያዎቹ ከታች ተደርድረው አሸዋ መልበስ ጀምረዋል።

«አቁሙ!» አለች እናቴ ከሩቁ።

«እመቤቴ፣ ለቀብር ከሆነ የመጣሽው ተሳስተሻል» አሉ ረብ ፋይቪሽ። «እዚህ የሚቀበር ሰው የለም፣ መጻሕፍት ናቸው።»

«መጻሕፍት መሆናቸውን አውቃለሁ! ግን ሁሉም ቅዱስ አይደለም። የቀበሮ ተረት ነው እየቀበሩ ያሉት!»

«ለቀባሪው አረዱት አሉ! ዕድሜ ልኬን መጽሐፍ ስቀብር ኖሬ ቀበሮና ነቢይ መለየት ሊያቅተኝ ነው?»

«የመምህር ሮዞቭስኪን ጆንያ ፈተው አይተዋል?»

ረብ ፋይቪሽ ጢማቸውን አሻሹ። አላዩም ነበር። «የሆነው ሆኖ መሬት የገባ አይወጣም» አሉ፤ «ደግሞ ሴት ልጅ እዚህ...»

እናቴ ንግግራቸውን አላስጨረሰችም። ጫማዋን አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝና ጉድጓዱ ውስጥ ወረደች።

ጮህኩ። ከዚያ በፊት ስንት ለቅሶ ቤት ስዞር አንድም ቀን አልፈራሁም፤ ሞት ማለት ለእኔ የተቀቀለ እንቁላልና የተሸፈነ መስታወት ነበር። አሁን ግን የእናቴ የራስ ሻሽ ብቻ ነው ከመሬት በላይ የሚታየኝ። ጎንበስ ስትል እሱም ይጠፋል። ጫማዋን ደረቴ ላይ አቅፌ «እማዬ! እማዬ!» እላለሁ። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው ያያሉ።

«እንዲህ የሚተጋ ሠራተኛ ብናገኝ እኮ ሥራው በቀለለን ነበር» አለ አንደኛው።

«ዝም በል አንተ» አሉ ረብ ፋይቪሽ።

ጆንያ ሲቀደድ ሰማሁ። መጽሐፍ ሲወረወር ሰማሁ። ከዚያ ምንም አልሰማሁም። አፋፉ ላይ በደረቴ ተኝቼ ወደ ታች ተመለከትኩ። እናቴ ጆንያዎቹ መሃል ቆማ አንድ አረንጓዴ መጽሐፍ ገልጣለች። የገጹን ጫፍ በአውራ ጣቷ ታጥፋለች። የምታየው ገጽ ወደ እሷ ስለዞረ እኔ የማየው ሽፋኑን ብቻ ነበር።

«ብሉማ የታለች?» አልኳት።

«አገኘሽ?» አሉ ረብ ፋይቪሽ። «በይ መጀመሪያ ለእኔ አምጪው። የእግዚአብሔር ስም ካለበት እዚያው ነው የሚቀረው።»

«የቁራና የቀበሮ ተረት ነው ስልዎት!»

«ቁራም ቢሆን እግዚአብሔርን የሚያመሰግንበት ጊዜ አለው። አምጪው ልጄ፣ አልበላብሽም።»

መጽሐፉን ተቀብለው ቆመው ያነቡ ጀመር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ትከሻቸው ተናወጠ፤ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

«ረብ ፋይቪሽ፣ ቀበሮው ምን አለ?» አላቸው ቆፋሪው።

«ሥራ ፈት ቆፋሪ ጥያቄ ያበዛል አለ።»

ገጽ ገለጡ፤ ሌላም ገለጡ። ከዚያ እናቴ በአውራ ጣቷ ያጠፈችው ገጽ ላይ ደረሱና ማንበባቸውን ተዉ።

«ማን ናት ይቺ?»

«እህቴ ናት። አባቴ ነው የሣላት።»

«ፎቶ የላትም?»

«የላትም።»

«መቃብርስ?»

እናቴ ጉድጓዱ ውስጥ ቆማ በእጇ ወደ ባሕሩ ማዶ አመለከተች። «ጫካ ውስጥ ነው አሉ።»

«ቀኑስ?»

«ቀኑን የሚነግረኝ ሰው አልተረፈም።»

«ተቀምጠሽላት ታውቂያለሽ?»

«በየትኛው ቀን ልቀመጥ?» አለች እናቴ። ለአባቴ ያለችው ያንኑ ነበር፤ ግን ለአባቴ ስትለው አልተቆጣችም፣ አሁን ተቆጥታለች። «ይንገሩኝ እስቲ፣ በየትኛው ቀን?»

ረብ ፋይቪሽ ስዕሉን ገልብጠው ጀርባውን አነበቡ። እንደገና አነበቡት። ከዚያ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበርክከው መጽሐፉን ወደ እናቴ ዝቅ አደረጉና ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ።

«ይኸው ልጄ። እዚህ ጋ ስሙ አለ።»

እናቴ ጣታቸው ያረፈበትን አየች። ረጅም ጊዜ አየችው። ባቡር አለፈ።

«አለ አይደል?» አሏት ረብ ፋይቪሽ።

«አለ» አለች እናቴ።

«እንግዲህ ይቺ የመጽሐፉ ቅጠል ትቀበራለች። ሌላውን ውሰጂው፤ ቀበሮውም ቁራውም ያንቺ ነው።»

ትጣላለች ብዬ ጠበቅሁ። እናቴ ለአንድ የበሰበሰ ቲማቲም ገበያውን በሙሉ የምትሰበስብ ሴት ናት። አልተጣላችም። የፀጉር መርፌዋን ነቅላ የመጽሐፉን ስፌት በጥንቃቄ ፈታችና ቅጠሏን ለየቻት። ለመጨረሻ ጊዜ አየቻት። ከዚያ የራሷን ሻሽ ፈትታ ጠቀለለቻት።

«ለብቻዋ ትሁን» አለች።

«ለብቻዋ ነው እንጂ» አሉ ረብ ፋይቪሽ። ቆፋሪዎቹን ከአጥሩ ሥር፣ ጥዱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ እንዲቆፍሩ አዘዙ።

«ረብ ፋይቪሽ፣ ሰንበት እኮ ደረሰ...»

«ቆፍር ብያለሁ።»

እናቴ ሻሹን በሁለት እጇ አወረደችው። ረብ ፋይቪሽ ስሟን ጠየቁ፤ «ብሉማ፣ የሂርሽ ልጅ» አለች። ከመዝሙረ ዳዊት ደገሙላት። ቆፋሪው አካፋውን ለእናቴ ሰጣትና አሸዋውን ራሷ መለሰች።

«አሁን ተቀመጪ» አሏት ረብ ፋይቪሽ። «መርዶው ሲቆይ ሐዘኑ ሰባት ቀን አይደለም፣ አንድ ሰዓት ነው። ሕጉ እንዲህ ነው። ቀን አያስፈልግሽም፤ የሰማሽበት ቀን ይበቃል። ጫማሽን... አዎ፣ አውልቀሻል።»

አንድ ባልዲ ደፍተው አስቀመጡላት። እናቴ ተቀመጠች። እናቴ ቁጭ ስትል ማየት ለእኔ እንግዳ ነገር ነበር፤ ጉልበቷን የት እንደምታደርገው አታውቅም። ረብ ፋይቪሽ አጠገቧ አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ከምሳ ቋጠሯቸው የተቀቀለ እንቁላል አውጥተው ላጡላትና ሰጧት፤ በላችው። በዚያ ለቅሶ ለእኔ እንቁላል አልደረሰኝም። ቆፋሪዎቹ እጃቸውን አራግፈው ተራ በተራ እየመጡ እግዚአብሔር ያጽናሽ አሏት። የእናቴ ለቀስተኞች እነሱ ነበሩ።

እኔ ፊት ለፊቷ ነበርኩ። አክስቴን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያሳዩኝ ቀበሯት ብዬ ተቀይሜያለሁ። ጆንያ ውስጥ የነበረችው ልጅ እንዴት ሻሽ ውስጥ እንደገባች ግን ለመጠየቅ ፈራሁ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እግሬ ላይ ወረደ። የግራ ካልሲዬ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተከምሯል። አልሳበችውም። ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ እንደ ትልቅ ሰው ሳይሆን እንደ ልጅ፣ አፏን ከፍታ። ካልሲዬ አስለቀሳት ብዬ ደንግጬ ቶሎ ሳብኩት።

ሰንበት አልፎ እሑድ ትምህርት ቤት ሄጄ ስድስት ዓመት የሆናት አክስቴ ሞተች፣ ዓርብ ቀበርናት አልኩ። ልጆቹ ውሸታም አሉኝ። አስተማሪዬ ግን የአክስቴን ስም ጠየቀችኝና ሁሉንም ልጅ አስነስታ ለአክስቴ መታሰቢያ በቁሙ ዝም አሰኘች። እስካሁን ድረስ የትኞቻችን ልክ እንደነበርን ለመወሰን ይቸግረኛል።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ተቀምጣ መብላት ጀመረች ብል ዋሸሁ። እስክትሞት ድረስ ቆማ በላች፣ እስክትሞት ድረስ ሮጠች። ነገር ግን በግድግዳ የተለጠፈ ወረቀት ማንበቧን ተወች። የሰው ለቅሶ የምትሄደው ካወቀችው ብቻ ነበር፤ ስትሄድም ትቀመጣለች። ሦስተኛውን መጽሐፍ ሌላ ቦታ ልፈልገው ብላ አታውቅም። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቄያት «ቀብሬያታለሁ እኮ» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አመሉ ወደ እኔ ዞረ። የእሷን የቀበሮ መንጋ ወርሼ አበዛሁት፤ ዛሬ አንድ ግድግዳ ሙሉ ነው። ልጆቼ ይስቁብኛል። ባለፈው ክረምት ሬሖቮት ከተማ ከማላውቃቸው ሰዎች ለቅሶ ቤት ገባሁ፤ ቆምኩ፤ አንገቴን አዘንብዬ መደርደሪያውን አየሁ፤ ወጥ ቤት ገብቼም ሳህን አጠብኩ። ሦስተኛውን መጽሐፍ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ቤት ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ከፈትኩት። መጀመሪያ ያየሁት ስዕሉን አይደለም፤ ጀርባውን ነው። ረብ ፋይቪሽ ጣታቸውን ያሳረፉበትን መስመር ፈለግሁ። ጫጩቶቹ ይቆጠራሉ፣ ዶሮዎቹ ይሸጣሉ፣ ላሟ ትገዛለች። የእግዚአብሔር ስም የለም። ከላይ ጀምሬ አነበብኩት፤ ተረቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አንድም ቦታ የለም። ረብ ፋይቪሽ ዕድሜያቸውን ያንን ስም ሲፈልጉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አይሳሳቱም። እናቴም ያንን ተረት አባቷ ሲሥለው አጠገቡ ሆና በቃሏ ይዛዋለች። እሳቸው አለ አሉ፤ እሷም አለ አለች።

ገጹን ገለበጥኩት። ብሉማ ገንቦዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ የወደፊት ላሟን እያሰበች ትሄዳለች። የግራ ካልሲዋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወርዷል። ሳላስበው ጎንበስ አልኩ፣ ጣቴንም ወረቀቱ ላይ አድርጌ ካልሲውን ወደ ላይ ሳብኩላት።